የዶሮዋ አናት ሲቀላ

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ጎረቤቶቼ መቀመጫ አሳጡኝ። የቢሮ ሰዓት ስለሌለኝ ዶሮ የታመመበት ሁሉ በሬን ማንኳኳት ጀመረ። አንዷ በፌስታል ይዛ ትመጣለች፣ ሌላው ፎቶ አንስቶ በስልክ ይልካል። ፎቶ አልወድም። በስልክ የተነሳ የዶሮ አናት ወይ ብርቱካናማ ወይ ሐምራዊ ይመስላል፤ ስለዚህ «ወይ ይዘሃት ና፣ ወይ ተዋት» ብዬ እመልሳለሁ። ኩሩ ነች ሳይሉኝ አይቀሩም። ይበሉ።

የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የዶሮ አናት በማየት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። የቅጥር ደብዳቤዬ የእንስሳት ጤና ረዳት ነው የሚለኝ፤ ከብትም በግም አክሜያለሁ። የካ ክፍለ ከተማ ውስጥ ግን ከዓመት ዓመት ከብቱ እየቀነሰ፣ እርሻው ኮንዶሚኒየም እየሆነ ሄደና በየግቢው የቀረው ዶሮ ነው። ዶሮ ደግሞ ሕመሟን ስትደብቅ ሌላ ናት፤ ቆማ መሄድ እስከቻለች ድረስ ደህና መስላ ትጭራለች። መደበቅ የማትችለው አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ብቻ ነው። ይህ ሥጋ ከሰፈር ሰፈር ስሙ ይለያያል፤ እኔ ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ገለታ እንደሚሉት «አናት» እለዋለሁ።

ጋሽ ገለታን ያገኘኋቸው ከሥልጠና ወጥቼ መጀመሪያ በተመደብኩበት የዶሮ እርባታ ጣቢያ ነው። ከእንጦጦ ጀርባ ካለ መንደር የመጡ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚናገሩ፣ ረጅምና ቀጭን ሰው ነበሩ። ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ነገር አለ፤ በአንደኛው ቆሎ፣ በሌላኛው ታጥፎ የተቀመጠ ነጭ አቡጀዲ። ቆሎውን ለማንም አያካፍሉም፤ እኔም በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ጭብጥ እንኳ አልደረሰኝም። አቡጀዲው ለዶሮዎቹ ነው።

አሠራራቸው የተንቀረፈፈ ነበር፤ ጉጉ ስለነበርኩ መጀመሪያ መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ዶሮዋን ቶሎ አይዙም። «ሳትይዣት እዪያት» ይሉኛል። የተያዘች ዶሮ ስትደነግጥና ስትታገል የአናቷ ቀለም ይለወጣል፤ እኛ ደግሞ ያስደነገጥናትን ዶሮ ታመመች ብለን እንጽፋለን። ካዩዋት በኋላ ከጥላ ያወጧታል። በእኛ ሰፈር የዶሮ ቤት ሁሉ በሰማያዊ ሸራ ነው የሚሸፈነው፤ ከሸራው ሥር ደግሞ ደህናዋም የታመመችውም ወይን ጠጅ ትመስላለች። ስንት ጤነኛ ዶሮ በዚያ ሸራ ጥፋት እንደታረደች እግዜር ይወቀው። ብርሃን ላይ ካወጧት በኋላ አቡጀዲውን ከራሷ ኋላ ይዘረጋሉ፤ ነጭ ላይ ቀይ አይዋሽም። መጨረሻ ላይ አናቷን በአውራ ጣታቸው ጫን አድርገው ይለቃሉ። የነጣው ቦታ ቶሎ መልሶ ከቀላ ደሟ ይሄዳል ማለት ነው። ከዘገየ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

የቀረውን ራሱ ሥራው አስተማረኝ። አናቷ የገረጣ ዶሮ ወይ ቅማል ወይ ትል አለባት፤ ካልሆነም ታቅፋለች። በሁዳዴ ዕንቁላል የሚበላ ስለሌለ ብዙ ቤት ዶሮውን ያስታቅፋል፤ በዚያ ሰሞን «ደም አነሳት» እየተባልኩ የምጠራባቸው ዶሮዎች አብዛኞቹ በሰላም ዕንቁላላቸው ላይ የተቀመጡ እናቶች ናቸው። ጫፉ ብቻ ከጠቆረ የእንጦጦ ውርጭ ነው፤ ቫዝሊን ይቀባል። ቅርፊት ካለው ፈንጣጣ ነው። ሙሉ አናቷ ጠቁሮ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አረንጓዴ ካስቀመጣት ፈንግል ነው፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም። ከፈንግሉ ይልቅ የሚያስቸግረኝ ባለቤቱ ነበር፤ ቀሪዎቹን ሳይሞቱበት ሾላ ገበያ ሊያደርሳቸው ይሮጣልና ልመናዬም ማስፈራሪያዬም አይይዘውም።

ስለ ቀይ አናት ግን ማንም ጠርቶኝ አያውቅም። ቀይ ጤና ነው። ገበያ ውስጥ ነጋዴዎች ገዢ ሲያዩ የዶሮውን አናት በመዳፋቸው አሸት አሸት የሚያደርጉት ለዚሁ ነው። እኛም በሥልጠና የተማርነው ይህንኑ ነበር፤ ዋጋ ያስከፈለንም ይኸው ነው።

በጣቢያው ጫጩቶች የሚያድጉበት አንድ ክፍል ነበር። በብርድ ጊዜ በከሰል ይሞቃል፤ ከሰሉን የሚጠብቀው ወርዶፋ የሚባል ዘበኛ ነው፤ እዚያው ጥግ ላይ ይተኛል። አንድ ጠዋት ስንገባ እጅግ ብዙ ጫጩት ተደራርቦ ሞቶ አገኘን። ጋሽ ገለታ ጥቂቶቹን ከፍተው አዩ። ሳንባውም ደሙም ደማቅ ቀይ ነበር። ምንም በሽታ የለባቸውም፣ በርዷቸው ተደራርበው ተፋፍነው ነው አሉ። ጫጩት እንዲህ መሞቱ የተለመደ ስለሆነ ማናችንም አልተከራከርንም። አለቃችንም ለሪፖርቱ ምክንያት ስለተገኘለት ደስ አለው። የተረፉትን ወደ ሰፊ ክፍል አዛወርናቸው። ከሰሉን ግን ብርድ እንዳይመታው ብለን ለወርዶፋ ተውንለት።

በማግስቱ ጠዋት በሩን ሰብረው ሬሳውን ነው ያወጡት። ፊቱ እንደ ሞተ ሰው አልገረጣም ነበር። ጋሽ ገለታ በሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩት፤ ምን እያዩ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የከሰል ጋዝ የገደለው ሁሉ ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይቀራል። ወርዶፋ ጫጩቶቹ የሞቱ ዕለት ራሴን ከብዶኛል ብሎ ለምግብ አብሳይዋ ነግሯት ኖሯል። ለእኛ አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

ከቀብሩ ስንመለስ ጋሽ ገለታ አንድ ነገር ብቻ አሉኝ፤ «ጫጩቶቹ ነግረውኝ ነበር። እኔ ቀይ ነው ብዬ አለፍኩ።» ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታቸው ድረስ የማንም ቤት ዶሮ ሳያዩ በፊት ሰዉን ይጠይቃሉ። ልጆቹ እንዴት አደሩ፣ ማን ራሱን አመመው፣ ማን ምግብ አልበላም ይላሉ። ለሰላምታ ያህል የሚጠይቁ አይደሉም፤ መልሱን ቆመው ይጠብቃሉ። አንዳንዱ ሰው ይህ ሽማግሌ ነገረኛ ነው እያለ ይስቅባቸው ነበር። ከሰው ቀጥሎ የሚያዩት ዶሮዋ የተኛችበትን ቦታ ነው።

እኔ ወደ የካ የተዛወርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በወረዳው ስላየኋቸው አለቆች ብዙ አልጽፍም። አንዱ ስንት ዶሮ ከተብሽ ከማለት በቀር ሌላ ጥያቄ አልነበረውም። ሌላው ፎቶ የሚወድ ነበር፤ መርፌ ስወጋ ዶሮዋን እሱ ይይዝና ካሜራው ሲሄድ ይለቃታል። ሦስተኛው ደግ ሰው ነበር፤ ደግ ስለነበረም ብዙ አልቆየም። ደመወዙን ላንሳው ብል ራሴን ስለሚያመኝ ይቅር። ሥራውን ግን እወደው ነበር። ከመሪ ሰፈር እስከ እንጦጦ ጫፍ ያላንኳኳሁት በር ጥቂት ነው።

አሁን የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሐምሌ ነው። ዝናቡ ሳያቋርጥ የሚጥልበት ሳምንት ነበር። ከየካ ሚካኤል በላይ ዳገቱ ላይ የሚኖሩ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ ሴት ሁለት የሞቱ ዶሮዎች በፌስታል ይዘው ቢሯችን መጡ። እትዬ አስካለ ጠንካራ ሴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ጎመንና ዕንቁላል እየሸጡ አንዲት ልጃቸውን ብርቱካንን አስተምረው የዳሩ። ብርቱካን ወንድ ልጅ ወልዳ እናቷ ቤት ተኝታለች፤ ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ መንገድ ላይ ነው። ዶሮዎቹ ለአራሷ የሚታረዱና ለክርስትናው የተቀመጡ ነበሩ። እትዬ አስካለ የፈሩት ፈንግል ነው፤ ፈንግል ከሆነ የቀሩትን ለአራስ ማብላት ያስፈራል፣ ለክርስትናውም ሌላ ዶሮ ከየት ይመጣል እያሉ ተማረሩ።

ዶሮዎቹን ከፌስታሉ ሳወጣቸው አናታቸው ቀይ ነበር። የሞተች ዶሮ አናት ሲያድር ይጠቁራል፤ የእነዚህ በሕይወት እንዳሉ ነው የሚመስለው። እትዬ አስካለም ይህንኑ እያሳዩኝ፣ እንዲህ ቀይ ሆነው እንዴት ሞቱ ይሉኛል። ከቢሮው ጓሮ ጠረጴዛ ላይ አንዷን ከፈትኳት። አንጀቷ ደህና ነው፣ ጉሮሮዋ ንጹሕ ነው። ሳንባዋ ግን ያንን የጣቢያውን ደማቅ ቀይ መስሎ ታየኝ። ቢላዋውን አስቀምጬ፣ ዶሮዎቹ የት ነው የሚያድሩት ብዬ ጠየቅኩ።

ሌባም ዝናብም በዝቶ ስለነበር ወደ ቤት አስገብተዋቸዋል፤ ከብርቱካን አልጋ ሥር። ብርቱካን እንዴት አደረች አልኩ። ትንሽ ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ ምች መቷት ነው፣ ዳማከሴ አሽቼላታለሁ አሉ። ሕፃኑስ? እሱማ የተባረከ ልጅ ነው፣ እንቅልፍ ብቻ ነው፣ ለመጥባት እንኳ አይነቃም አሉኝ ፈገግ ብለው።

ካፖርቴን ሳልለብስ ነው የወጣሁት። እትዬ አስካለን በመጡበት ባጃጅ መልሼ አሳፈርኳቸው፤ ባጃጁ ዳገቱን ሲንፏቀቅ ወርጄ ልግፋው ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። ለዶሮ ይህን ያህል የሚቸኩል የመንግሥት ሠራተኛ አይቼ አላውቅም እያሉ ይመርቁኛል። መንገድ ላይ ለምን እንዳልነገርኳቸው አንዳንዴ ራሴን እጠይቃለሁ። አልመጣልኝም። የማስበው በሩ ጋ ስለመድረስ ብቻ ነበር።

ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነው፤ ንጹሕ፣ በደንብ የተለሰነ። የአራሷ ክፍል መስኮት ስንጥቁ ሳይቀር በጋዜጣ ተለጥፏል። በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ አለ፣ ከሥሩ ደግሞ ብርድ እንዳይገባ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። ገባሁ። የከሰሉ ምድጃ ከአልጋው ግርጌ ቀይ ሆኖ ተቀምጧል። ጭስ የሚባል የለም፣ ሽታም የለም። ብርቱካን ጋቢ ተከናንባ ተኝታለች፤ ስጠራት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ከደነችው። ጉንጯ ቀይ ነው፤ ላያት ሰው ያማረባት አራስ ትመስላለች። ሕፃኑ ጎኗ ላይ ተኝቷል። ከአልጋው ሥር ከቀሩት ዶሮዎች አንዷ በጎኗ ወድቃለች።

ይህ ከሰል አሁኑኑ መውጣት፣ መስኮቱም መከፈት አለበት አልኩ። እትዬ አስካለ በሩ ላይ ቆሙ። ሴትየዋ ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ አራስ ላይ ብርድ ማስገባት ለእሳቸው ልጃቸውን ወንዝ ውስጥ መክተት ነው።

«ጭስ የታለ?» አሉኝ። «እኔ እንደ ሌላው ሰው አይደለሁም። ውጭ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ እልም ብሎ ሲጠፋ ነው የማስገባው። አንቺ የመጣሽው ለዶሮ ነው፤ ዶሮሽን እዪና ሂጂ ልጄ።»

ገፍትሬያቸው ማለፍ እችል ነበር። ግን ሰፈርተኛውን ጠርተው ሊያስወጡኝ፣ በሩን መልሰው ሊዘጉት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ማንም አይደርስም። ስለ ጋዝ ላስረዳቸው ብልም ዓይን የማያየውን፣ አፍንጫ የማያሸተውን ነገር እንዴት አድርጌ? የነበረኝ ማስረጃ ዶሮዋ ብቻ ነች። ከአልጋው ሥር የወደቀችውን አውጥቼ ያዝኳት።

«እትዬ አስካለ፣ ምች የሚመታው ፀሐይ የወጣውን ነው አይደል?»

«ነው እንጂ። ባለፈው ፀሐይ ብልጭ ሲል ልብስ ላስጣ ብላ ወጣ ብላ ነበር።»

«ዶሮዎቹስ ወጥተው ነበር?»

እጄ ላይ ያለችውን ዶሮ በጣታቸው ነካ አደረጓት።

«ብርቱካንን ያመማት ዶሮዎቹን የገደለው ነው። እነሱ ቀድመው የሞቱት ትንንሽ ስለሆኑ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ከዶሮዎቹ ቀጥሎ ትንሹ ማነው?»

ሕፃኑን አዩት። ጎንበስ ብለው ምድጃውን በባዶ እጃቸው አነሱትና በሩን በእግራቸው ገፍተው ወጡ፤ ዝናቡ ላይ ሲደፉት የፍሙ ሲሲታ እስከ ውስጥ ተሰማ። እኔ መስኮቱን በክርኔ መታሁት። ብርቱካንን ደግፈን አወጣናት፤ ሕፃኑን እትዬ አስካለ ነጠላቸው ውስጥ ከተው፣ ዝናብ ላይ፣ ያን ያህል ከፈሩት ብርድ ውስጥ ይዘውት ሮጡ። ባጃጁ አልሄደም ነበር። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ከሰል ብዬ ቃሉን እንዳወጣሁ ነርሷ ሌላ አልጠየቀችኝም። ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል በአምቡላንስ ላኳቸው።

እኔ አብሬ አልሄድኩም፤ አምቡላንሱ ውስጥ ቦታ አልነበረም። የጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ እጄን አየሁት፤ ዶሮዋን እስካሁን ይዣታለሁ። ውጭ አየር ስላገኘች ነቅታ ዓይኗን ታንከባልላለች። ያኔ አለቀስኩ። ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ብርቅ አይደለም።

ሁለቱም ዳኑ። ብርቱካን ለተወሰነ ጊዜ ነገር እየረሳች ተቸገረች፣ ኋላ ለቀቃት። ሕፃኑ ቆይቶ ነው የነቃው፤ ሐኪሞቹም አያቱም በጣም ፈርተውለት ነበር። ጋሽ ገለታ ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው መንደራቸው ገብተዋል፤ በእሑድ ቀን ሄጄ ታሪኩን ከአናቱ ቀለም ጀምሬ እስከ ሳንባው በዝርዝር ነገርኳቸው። ስለ ዶሮው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። «ልጁስ ጠባ?» አሉ። ጠባ አልኳቸው። ቆሏቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ግማሹን መዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ።

ዘንድሮ፣ እኔም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ እትዬ አስካለ ጉርድ ሾላ ካለው ቤቴ መጡ። አርጅተዋል፤ ደረጃዬን ሲወጡ ሁለቴ አረፉ። ብርቱካን ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፤ አሁን የምትኖረው መሪ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ እሳቸውም ሊያርሷት እዚያ ገብተዋል። ምርቃቱ ካለቀ በኋላ የመጡበትን ነገሩኝ። ከግቢዬ ዶሮዎች አንዷን እንዳውሳቸው ነው የፈለጉት።

ለማረድ ከሆነ ይውሰዱ፣ ማዋስ አያስፈልግም አልኳቸው። ለማረድ አይደለም። አልጋው አጠገብ ለማሳደር ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ዶሮ ማሳደር እንደማይፈቀድ፣ ከሰል ከሌለና መስኮቱ ትንሽ ከተከፈተ ደግሞ ዶሮ እንደማያስፈልግ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ከሰሉንማ ከዚያን ቀን ወዲህ ቤቴ አላስገባሁም» አሉ። «መስኮቱም ክፍት ነው፣ ብርቱካን በረደኝ እስክትል ድረስ። ግን እነሱ ሲተኙ እኔ ፊታቸውን እያየሁ ነው የማነጋው። ጉንጯ ቀላ ሲል እነሣለሁ፣ ልጁ እንቅልፍ ሲያበዛ እቀሰቅሰዋለሁ። እናትየውም ልጁም ተሰላቹብኝ። ዶሮዋ ካለችልኝ ግን ትንሽ ጋደም እላለሁ።»

በሙያዬ ላይ ሆኜ ብመልስ እንቢ ማለት ነበረብኝ። ከዶሮዎቼ ሁሉ ጭምቷን መርጬ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኳት፤ ክዳኑን በስቼ፣ ጎረቤት እንዳያያት ከላይ ሻሽ ጣል አደረግኩበት። እስከ ታክሲው ይዤላቸው ወረድኩ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደወሉልኝ። ዶሮዋ እንዴት አደረች ብዬ ጠየቅኳቸው።

«እኔ ምን አውቄ» አሉኝ፤ «ተኝቼ ነው ያደርኩት።»